መሪ ሲከብድ

ከባሕር ዳር ወደብ በማለዳ ተነሥታ ወደ ዘጌ የምትጓዝ ሞተር ጀልባ፥ ገዳማቱን ሊሳለም የሚሄደውን ምእመን፥ አገር ሊጎበኝ የመጣውን እንግዳና የእረፍት ቀኑን በጣና ሐይቅ ላይ ሊያሳልፍ የወጣውን ቤተሰብ በአንድነት ጭና ስትሄድ፥ የሁሉም ሕይወት በአንዲት መሪ መያዙን ከነጂው በቀር የሚያስበው የለም፤ ነጂውም ቢሆን አጥብቆ የሚያስበው መሪው የከበደው ዕለት ነው።

ጀልባቸውን ሊያስጠግኑ ወደ እኔ የሚመጡት ባለጀልባዎች ቃላቸው አንድ ነው፤ «መሪው ተበላሽቷል» ይላሉ። እጃቸው የሚያውቀው መሪውን ነውና ክሱን በእርሱ ላይ ቢያቀርቡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ከመሪው እስከ ሞተሩ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መሪው ሲዞር ከበስተኋላው ያለው ጥርስ በሽፋኑ ውስጥ የተሰወረውን የብረት ኬብል ይገፋል ወይም ይስባል፤ የኬብሉ ጫፍ የሆነው ለስላሳ ዘንግም፥ ሞተሩ በተንጠለጠለበት ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ፥ በአንዲት አጭር ማያያዣ ክንድ አማካይነት ሞተሩን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያዞረዋል። ደዌው ከእነዚህ በአንዱ ያድራል፤ ሕመሙ ግን ዘወትር የሚሰማው በመሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ምርመራዬ የሚጀምረው ከመለያየት ነው። የማያያዣውን ክንድ ፈትቼ ሞተሩን ብቻውን በእጄ እገፋዋለሁ፤ እምቢ ካለ፥ የሚዞርበት ምሰሶ ግራሶው ደርቆበታል ማለት ነውና ኬብሉና መሪው ከክሱ ነጻ ይወጣሉ። ሞተሩ በቀላሉ የዞረ እንደ ሆነ ግን ወደ መሪው እመለሳለሁ፤ ከሞተሩ ተለይቶም አሁንም የሚከብድ ከሆነ፥ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ወይም ከኬብሉ አይወጣም።

አንድ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ታስራ የከረመች ጀልባ በመስከረም መጣችልኝ፤ ባለቤቷም አዲስ መሪ ከነጥርሱ ገዝቶ፥ ከነካርቶኑ ታቅፎ ቆሞ ነበር። ክንዱን ስፈታው ሞተሩ በሁለት ጣት ዞረ። ዘንጉን በብዙ ድካም ከቱቦው ባወጣሁት ጊዜ፥ ከቱቦው አፍ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ዝገቱ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከቦት፥ የቀድሞው ግራሶም የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ወደ ጣና ከሚያወርዱት ደለል ጋር ተለውሶ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፤ ቱቦውንም በላምባ በተነከረ ጨርቅ፥ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ ወለወልሁት። የተገዛው መሪ ከካርቶኑ ሳይወጣ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ግራሶ መጨመር ራሱ ሥርዓት አለው። በወጣትነቴ ዘንጉ ከቱቦው ወደ ውጭ ተዘርግቶ ሳለ ግራሶውን በፓምፕ ሞላሁት፤ ግራሶው ባዶውን የቱቦ ክፍል ስለ ሞላው ዘንጉ መመለሻ አጣ፥ መሪውም እንደ ድንጋይ ደረቀ። ጀልባዋ በዚያ ሰዓት ከዳር ባትሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ሳስበው እደነግጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ፈጽሞ ወደ ቱቦው ሳላስገባ ፓምፕ አላነሣም።

ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃ የገባበትን ኬብል ግን መፈወስ አይቻልም፤ ዘይት ብታፈስሱበት ለጥቂት ቀን ይላላል፥ ኋላም ከበፊቱ ብሶ ይይዛል። ይለወጥ። አዲሱም ሲዘረጋ እጥፋቱ የሰፋ ይሁን፤ የእጥፋቱ ግማሽ ስፋት ከ20 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ውስጡ ይፋተጋል።

በዘይት ግፊት የሚሠራው መሪ ሌላ ጠባይ አለው። መሪው እንደ ስፖንጅ ከላላ ወይም ከዳር ደርሶ ሳይቆም ከዞረ፥ አየር ገብቶበታል ወይም ዘይቱ ፈስሷል። የሚፈስበትን ስፍራ ሳያገኙ ዘይት መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ የፍሬን ዘይት መጨመር ደግሞ ጎማዎቹን ያበላሻልና ጥፋት ነው።

እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ፥ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ጀልባዋን እምቢተኛ ያደረገ አረም ስንት ጊዜ መሪውን አስወንጅሏል! አስቀድሞ ወደ ውሃው ማየት ይገባል። ጀልባዋ በፍጥነት ስትሄድ ብቻ ወደ ቀኝ የምትስብ ከሆነም፥ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ የኋላ ጫፏን ጥቂት ወደ ቀኝ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን የማያያዣውን ክንድ ዳዶ ነው። ይህ ዳዶ በውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለበት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ ቀለበቱ የቀድሞ ጽናቱን ያጣል፥ ተራ ዳዶም በሞተሩ ንዝረት ይላላል። ክንዱ በፍጥነት መካከል ቢወልቅ ሞተሩ በድንገት ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል፥ ጀልባዋም በዚያው ቅጽበት ታጥፋ ተሳፋሪውን ወደ ውሃ ልትወረውር ትችላለች። ስለዚህ አሮጌውን አልመልስም፤ በዚያች በመስከረም በመጣችው ጀልባ ላይም አዲስ አሰርሁ። ከዚያም መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሬ ዙሩን ቆጠርሁና፥ ለከርሞ ማመሳከሪያ እንዲሆን ለባለቤቷ ጽፌ ሰጠሁት። በማግስቱ ማለዳ፥ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ፥ ያለ ተሳፋሪ ይዘናት ወጣን።