ቫርኒሽ የተቀባ ጥሬ ቀርከሃ

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ጎራ ብላችሁ ከሆነ፣ ግድግዳውን ቀርከሃ ያለበሰ መዝናኛ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፤ ባለቤቱም «ባህላዊ ነው» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የሚበነውን ዱቄትስ ምን እንበለው? እሱማ ነቀዝ የጻፈው ሂስ ነው!

ነቀዙ የሚሻው ቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ዘንድሮ የበቀለው ደግሞ ውሃ ስለሞላው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ለሥራ የሚሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆመ፣ ገላው ሽበት መሰል ነጠብጣብ ያወጣ፣ ሲያንኳኩት ጠንከር ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው። እሱም ቢሆን አንጓው በብረት ተበስቶ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት። ቫርኒሽ ይህን አይተካም፤ ነቀዙ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በውስጥ በኩል ነዋ። (ሸምበቆ እያቀረበ «ቀርከሃ ነው» የሚለውን ነጋዴ ለሌላ ቀን።)

ባህል ከተባለ፣ ጨንቻ ያለውን የዶርዜ ቤት እንይ። ከቀርከሃ የተጠለፈውን ቤት የምድጃው ጭስ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይወጣል፤ ቤቱ ዓመት በዓመት ያጥራል እንጂ አይፈርስም።

የኛዎቹ የወሰዱት መልኩን ብቻ ነው። ምሰሶውን ከድንጋይ ላይ እንደማቆም እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። በክረምት ሲበሰብስ «ድሮም የድሃ እንጨት ነው» ተብሎ ብረት ይተካል። ከእንጅባራና ከሲዳማ ደጋ ቆርጦ የሚሸጠው ገበሬስ? ጥሬውንም የበሰለውንም በአንድ ዋጋ ከገዛነው፣ ምን ብሎ ሦስት ዓመት ይጠብቃል?