ላሟስ አለች፤ ድንጋዩ የት ሄደ?

የድሬዳዋ አካባቢን የጥንት የድንጋይ ላይ ሥዕሎች በመጽሐፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁት ምናልባት ይህን ይመስላል፦ ነጭ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ ጥርት ያለች ላም፣ ከጎኗ ክንዱን የዘረጋ ሰው። ያምራል። ግን ድንጋዩ የለም። ስንጥቁ የለም፣ ጥቀርሻው የለም፣ የዝናብ ውሃ የወረደበት መስመር የለም። ላሟ ከመሬት በምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች የሚናገር ነገርም የለም።

እኔ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም። ምህንድስና ተምሬ አሁን በድህረ ምረቃ ከፎቶ ላይ ልኬት ማውጣትን የማጠና ሰው ነኝ። ስለዚህ ቅሬታዬም የመሐንዲስ ቅሬታ ነው። አንድ ሰው ርዝመት ሲነግረኝ «ስህተቱ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እነዚህ ሥዕሎች ግን መስመሩን ሰጥተውን ስህተቱን ደብቀውብናል።

መጀመሪያ ቦታዎቹን እንተዋወቅ። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በስተደቡብ ባለው ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቄሱና የጂኦሎጂ ሊቁ ቴያር ደ ሻርዳን ከመርከበኛውና ደራሲው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ሆኖ አገኘው። በ1933 አቤ ሄንሪ ብሮይ ከፖል ቬርነር ጋር ቆፈረው። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ደግሞ ለገ ኦዳ አለ። በኦሮምኛ «የሾላ ወንዝ» እንደማለት ነው። እዚያ ያለው የዓለት ግድግዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከብቶች ናቸው፤ ረጅም ቀንድ ያላቸው፣ ሻኛ የሌላቸው።

ብሮይ በ1934 በሐረር አካባቢ ስላሉት ሥዕሎች አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በዘመኑ በዚህ ሥራ ከእሱ የሚበልጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። በአውሮፓ ዋሻዎች ውስጥ በደካማ መብራት፣ አንዳንዴ በጀርባው ተንጋሎ፣ ለዓመታት ሥዕል ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ የሠለጠነ ነበር። ነገሩም እዚህ ላይ ይበላሻል፤ የሠለጠነ ዓይን የጎደለውን ይሞላል።

ማስረጃ ትፈልጉ ይሆናል። ናሚቢያ ውስጥ ብራንድበርግ በሚባል ተራራ ላይ ብሮይ «ነጭ እመቤት» ብሎ የሰየማት ሥዕል አለች። ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣች ሴት ናት ብሎ አመነ፤ በ1955 መጽሐፍ አሳተመላት። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚሉት ሌላ ነው፦ ሥዕሉ የአካባቢው ሰዎች ሥራ ነው፤ «እመቤቷም» ሳትሆን አትቀርም የምትባለው ወንድ ናት። እንግዲህ አንድ ሊቅ፣ በቦታው ቆሞ፣ ወንዱን ሴት፣ አፍሪካዊውን አውሮፓዊ አድርጎ ካየ፣ ሐረር ላይ የሳላቸውን መስመሮች ሁሉ እንደ ፎቶ ማመን አንችልም። የትኛው መስመር ከድንጋዩ እንደመጣ፣ የትኛው ከብሮይ እንደመጣ ግልባጩ ራሱ አይነግረንም። ሁሉም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ተሥሏል።

ፓቬል ቼርቪቼክ በ1971 ስለ ለገ ኦዳ ያሳተመው ጥናት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ሥዕሎቹን በአሣሣል ዘዴያቸው ለይቶ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሞክሯል። የቱ በየቱ ላይ እንደተደረበ ማወቅ ዋና ነገር ነው፤ የላይኛው ከታችኛው በኋላ መጣ ማለት ነውና።

«ታዲያ አንድ መስመር ቢጎድል ምን ይሆናል?» ትሉኝ ይሆናል። ይኸው። ከከተማው ውጪ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ፣ ጣሪያ የመሰለ ድንጋይ ሥር፣ እኔም የራሴን ግልባጭ ስሠራ ነበር። አንዲት የደበዘዘች እንስሳ ሣልኩ። ሆዷ ሥር ያለውን ቀላ ያለ ነገር የድንጋዩ እድፍ ነው ብዬ ተውኩት። ከብቶቻቸውን ይዘው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ኮምፒውተሬን አዩ።

«ግቷን የት ጣልከው ልጄ?»

«ኦቦ፣ እድፍ መስሎኝ ነው እኮ።»

«እድፍ! ይቺ የምትታለብ ላም ናት። የኋላ እግሯን አየህ፣ እንዴት እንደከፈተችው?»

ግት ቀልድ አይደለም። የለማዳ ከብቶች በአፍሪካ ቀንድ መታየት የጀመሩት ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። ግቷ የተንዘረጠጠ ላም ካለች፣ ሥዕሉ ከዚያ በፊት ሊሣል አይችልም። እድፍ ብዬ የጣልኩት ነገር የዕድሜው ምልክት ነበር ማለት ነው።

ስለ ዕድሜ ካነሳን አይቀር አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ፖርክ ኤፒክ ውስጥ ከተቆፈረው አፈር 4,213 የኦከር፣ ማለትም የቀይ ቀለም ድንጋይ፣ ቁራጮች ወጥተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በ2017 የታተመው ጥናት 40,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ያሳያል። አስደናቂ ነው። ግን ይህ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኦከር ዕድሜ እንጂ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ዕድሜ አይደለም። ሁለቱን አገናኝቶ «የ40,000 ዓመት ሥዕል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በትህትና አቁሙት።

አሁን ወደ እኛ ዘመን መሣሪያዎች። ፎቶግራሜትሪ ማለት አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ፣ ተደራራቢ በሆኑ ፎቶዎች አንስቶ ኮምፒውተሩ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል እንዲሠራ ማድረግ ነው። ስልካችሁ ይበቃል። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ስልክ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲያነሳ አንዱ ፒክሰል ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ የጣት ስፋት ያለው መስመር 30 ገደማ ፒክሰል ያገኛል ማለት ነው። ስንጥቁም፣ ጥቀርሻውም፣ የግድግዳው ጉብታም ይገባል። ድንጋዩ ተመለሰ!

ደስ አይበላችሁ ገና። ፎቶ ብቻውን መጠን አያውቅም። ከፎቶዎቹ ጎን የታወቀ ርዝመት ያለው ነገር ካላስቀመጣችሁ፣ ሞዴሉ የሦስት ሜትር ግድግዳ ይሁን የክብሪት ሣጥን ኮምፒውተሩ መለየት አይችልም። የመጀመሪያ ቀን ሜትሬን ቤት ረስቼ ሄጄ 300 ፎቶ አንስቻለሁ። ቆንጆ ሞዴል ወጣ፤ መጠኑ ግን የለም። በድጋሚ ኮረብታውን ወጣሁት፣ በድሬዳዋ ፀሐይ።

ዲስትሬች የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በፎቶ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ፕሮግራሙ ይህን ትስስር ሰብሮ ጥቃቅን የቀለም ልዩነቶችን ይለጥጣቸዋል። በዓይን የማይታይ ላም ብቅ ሲል ጮኼ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው የብረት ዝገትም ቀይ ነው፣ እሱም አብሮ ይደምቃል። ላም የሚፈልግ ሰው ላም ያገኛል። ከብሮይ እርሳስ በምን ተሻለ? በአንድ ነገር፦ ዋናውን ፎቶ አብሬ ካስቀመጥኩ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ሊከራከረኝ ይችላል።

ለተቀረጹ ምስሎች ደግሞ ቁልፉ ብርሃን ነው። እስቲ ኪሳችሁ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ካለ አውጡ። በጨለማ ክፍል የስልካችሁን መብራት ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አብሩበት፤ የአንበሳው ፀጉር ጠፍጣፋ ይመስላል። አሁን መብራቱን ወደ ጎን አጋድሙት። እያንዳንዱ ጉድጎድ ጥላ ያዘ አይደል? በዲላ አጠገብ በጫቤ ቋጥኝ ላይ የተቀረጹት፣ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 ጥናት ያሳተመባቸው ከብቶችም እንዲሁ ናቸው፤ በቀትር ያነሳቸው ፎቶና በጠዋት ያነሳቸው ፎቶ የሁለት ቦታ ይመስላሉ። አንዳንድ ሰው ጠዋቱን ከመጠበቅ መስመሩን በጠመኔ ይሞላዋል፤ የተሣለውን ደግሞ «እንዲደምቅ» ውሃ ይረጭበታል። ጠመኔው የራስን ግምት ድንጋዩ ላይ መጻፍ ነው፤ ውሃው ደግሞ ቀለሙን ይጎዳል። ሁለቱንም አታድርጉ።

እኔ አሁን ላሟን በሦስት ንብርብር ነው የማስቀምጣት፦ ያልተነካካ ፎቶ ከነሜትሩ፣ የተለጠጠው ቀለም፣ ከዚያ የእኔ መስመር። እርግጠኛ የሆንኩበት መስመር ሙሉ ነው፤ ያልሆንኩበት ነጥብ ነጥብ ነው። ግቱ ነጥብ ነጥብ ሆኗል፣ ከጎኑም ማን እንዳሳየኝ ተጽፏል። ሽማግሌው ቢያዩት ነጥቡን አይወዱትም፤ ለእሳቸው እኮ ግልጽ ነው።

ለብሮይ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። የ1934ቱ ጽሑፍ ዛሬም ይከፈታል፣ ይነበባል። የእኔ የመጀመሪያ ሞዴል ያለበት ሃርድ ዲስክ ባለፈው ክረምት አልከፍትም ብሏል፤ ግልባጭም አልነበረኝም።