ሆድ መባስ ከስድስቱ የቱ ነው?

አዲሷ የሥነ ልቦና መምህርታችን ክፍሏን ጨርሳ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣች። ተመራማሪው ፖል ኤክማን የመሠረታዊ ስሜቶች ናቸው ያላቸውን ስድስት ፊቶች በፕሮጀክተር አሳይታ ስታበቃ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ሆድ የባሰው ሰው ከነዚህ የትኛው ነው?» ብሏታል። «ሐዘን ነው አልኩት» አለችኝ፤ «ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሉታል?»

ለስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ሻይ አዝዤላት ማውራት ጀመርኩ፤ ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ኤክማንን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ወርዶ፣ ከውጭው ዓለም ጋር እምብዛም ካልተገናኙት የፎሬ ሰዎች ዘንድ ሄዷል። አጭር ታሪክ እየተነገራቸው፣ ለታሪኩ የሚስማማውን ፊት ከፎቶዎች መሃል እንዲያነሡ ተደረገ። አብዛኛውን በደንብ ለዩት። የፍርሃትን ፊት ከመገረም ፊት መለየት ግን አስቸገራቸው። የመማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ። እኔ ግን እዚሁ እቆምና «ደነገጥኩ የሚለውን ቃል ከሁለቱ የት ታስገቡታላችሁ?» እላለሁ። ሌሊት በር ሲደበደብ እንደነግጣለን፤ የናፈቅነው ወዳጅ ከኋላ መጥቶ ዐይናችንን ሲይዘንም እንደነግጣለን። የፎሬ ሰዎች እንደኛው ያለ ቃል አላቸው ማለቴ አይደለም። ስድስቱን ሳጥኖች የሠራቸው አንድ ቋንቋ መሆኑን ተማሪው በገዛ አፉ እንዲያገኘው ነው የምፈልገው።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በዚህ ጉዳይ ዓመታት ተሟግተናል። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ እያመጣህ ልጆቹን አታደናግር ይለኛል። ልጆቹን ያደናገራቸውስ ሌላ ነው። የስሜትን ትርጓሜ ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድዶ የሚጽፍ ተማሪ፣ ማታ ዶርም ውስጥ ደረቱን ለሚጫነው ነገር ስም አጥቶ ያድራል። አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታውን ደግሞ የራስህን አምጣ እለዋለሁ፤ አምጥቶም የማላውቀውን ያስተምረኛል።

ዊልያም ጄምስን ውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስላዘንን አናለቅስም፣ ስለምናለቅስ ነው የምናዝነው ብሎ ነገሩን ገለበጠው። በእንግሊዝኛ ሳስተምረው ክፍሉ ይስቅ ነበር። አሁን መጀመሪያ ሰሌዳውን በእነሱ ቃል እሞላዋለሁ። ደሜ ፈላ፣ ቆሽቴ አረረ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ሐሞቴ ፈሰሰ፣ ሆዴ ባባ። ከዚያ ጄምስ ሲገባ የሚስቅ የለም፤ ቁጣም ሆነ ርኅራኄ ሰውነት ውስጥ እንደሚጀምር ቋንቋቸው ሲነግራቸው ነው ያደጉት። ዋልተር ካነን በ1927 ያነሣው ተቃውሞም ወዲያው ይገባቸዋል። ሆድቃ የሚናወጠው በፍርሃትም በቁጣም ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሰው የትኛው ስሜት እንደያዘው በምን ያውቃል? ሻክተርና ሲንገር በ1962 ለተማሪዎች ቫይታሚን ነው እያሉ አድሬናሊን ወጉና፣ ሰው የሰውነቱን መናወጥ የሚተረጉመው በዙሪያው ባለው ነገር ነው አሉ። ሙከራውን የደገሙት ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የማስተምረው። የሻክተርና የሲንገር ተማሪ አጠገብ የነበረው ሰው ግን ተልኮ የሚያስመስል እንግዳ ነበር። የኔ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ ሆድ በእንግዳ ፊት ይብሳል?

አንድ ጊዜ ሚድ ፈተና ያመለጠው ልጅ ቢሮዬ መጣ። አያቱን ሊቀብር ሄዶ ነበር። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱት አራት ቀን ሆኖታል፤ አንዱ ማኅተም ጎደለው፣ ሌላው ቀኑ አለፈ ብሎታል። ይህን ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ድምፁ ሳይሰበር ነገረኝ። እኔም ወረቀቱን አገላብጬ ሳላየው በፊት፣ ከንፈሩ ደርቆ ስላየሁት ብቻ፣ «ምሳ በልተሃል?» አልኩት። «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣለትም። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ አውራ ጣቱ የማኅደሩን ጠርዝ እየፈተገው ነበር።

አራት ቀን ያላስለቀሰው በደል በአንድ የምሳ ጥያቄ አስለቀሰው። ከስድስቱ ሳጥኖች ይህን የሚይዝ የለም። ከቁጣም ከሐዘንም አለበት፤ ከሁለቱም በላይ ግን የሚጠራው በጎ ነገር ነው። ብሶት ለዳኛም ለሹምም ይነገራል፤ ሆድ የሚብሰን ግን ያዝንልኛል ባልነው ሰው ፊት ነው። ብቻችንንም ሳለን ሆድ ይብሰናል ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ያን ጊዜም በሐሳባችን የመጣ፣ አጠገባችን ሊሆን ይገባው የነበረ ሰው አለ።

ስለዚህ መምህርቷን፣ መልሱን ከስሜት ምዕራፍ አትፈልጊው፣ ወደ ዕድገት ምዕራፍ ሂጂ አልኳት። ሜሪ ኤንስወርዝ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችንና 28 ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች አይታለች፤ ያየችውን የጻፈችበት መጽሐፍ በ1967 ወጣ። በኋላ ባልቲሞር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፈተና አዘጋጀች። እናት ሕፃኑን ጥላ ከክፍሉ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ የሚመስለው የልጁ ለቅሶ ስትወጣ እንደሚመዘን ነው። ይበልጥ የሚመዘነው ግን ስትመለስ የሚያደርገው ነው፤ ወደ እሷ ይሄዳል ወይስ ፊቱን ያዞራል፣ እቅፏ ውስጥ ይረጋጋል ወይስ አይረጋጋም። የእኛ እናቶች ይህን በየደጃፉ ያዩታል። ሜዳ ላይ ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ብድግ ብሎ፣ አቧራውን አራግፎ ቤት ድረስ በዝምታ ይመጣል፤ እናቱን ሲያይ ነው የሚፈነዳው። ማስመሰል አይደለም። ሕመሙ የሚያርፍበት ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

በዚህም አያበቃም። «ሆድ ባሰው» ሲባል ዛሬ የደረሰ ነገር ነው፤ «ሆደ ባሻ» ሲባል ግን ሰውዬው ራሱ ነው። አላፊ ስሜትንና ጸባይን ለመለየት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚፈጀውን ነገር ሰዋስዋችን በጥቂት ፊደል ይለየዋል። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ ዐይነ አፋር። ኦልፖርትና ኦድበርት በ1936 ከአንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ለቅመዋል፤ የዛሬው የአምስቱ ዐበይት ጸባያት ጥናት ሥሩ ከዚያ ለቀማ ነው። እኔም በየዓመቱ ተማሪዎቼን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ይዘው ይህንኑ እንዲለቅሙ አዛቸዋለሁ።

«ታዲያ ልጁን ምን ልበለው?» አለችኝ። «ሆድ ሲብስህ አጠገብህ ማን ነበር ብለሽ ጠይቂው» አልኳት።

የራሴን ግን አልነገርኳትም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከገጠር ወጥቼ ከተማ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። አንድ ሰሞን ወባ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ከመደብ ሳልነሣ ቀረሁ። ትምህርት ቤት ስመለስ ቀርተሃል ተብዬ በልምጭ ተመታሁ። በሽታውም ልምጩም አላስለቀሱኝም። ቅዳሜ ግን በገበያተኛ ስንቅ ሲልክልኝ የነበረው አባቴ ራሱ መጣ። የበሶውን ስልቻ ከትከሻው ሳያወርድ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና «ምነው ልጄ፣ ከሳህሳ» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። አባቴ ዝም በል አላለኝም። ስልቻውን አስቀመጠ፣ መደቡ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ብዙ ቆይቶ «ሆድ አይባስህ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ፣ በሶውን ሊበጠብጥልኝ፣ ውኃው የት እንዳለ ጠየቀኝ።