ሰረዝ ወይስ ድግግሞሽ? የአናባቢ ርዝመት በሀዲይኛና በከምባትኛ ጽሕፈት

አንድ ካታሎግ ሠሪ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለአማርኛ በሚጠቀምበት የላቲን መገልበጫ ሰንጠረዥ መሠረት «ከምባታ» የሚለውን ስም ቢመዘግብ፣ በ«ባ» እና በ«ታ» አናባቢዎች ላይ ማክሮን የሚባለውን አግድም ሰረዝ ያኖራል። የከምባትኛ ተናጋሪዎች በትምህርት ቤት በሚማሩት የላቲን ጽሕፈት ግን በዚህ ስም ውስጥ ረጅሙ አናባቢ የ«ባ» ብቻ ነው፤ እርሱም የሚታወቀው ፊደሉ ሁለት ጊዜ በመጻፉ ነው። የመጨረሻው አናባቢ አጭር ስለሆነ አንድ ፊደል ይበቃዋል። በዱራሜ ከተማ ስም ላይ ስሕተቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፦ ከምባትኛው የ«ዱ»ንም የ«ራ»ንም አናባቢ ሲያስረዝም፣ ሰንጠረዡ ለካዕብ ሰረዝ ስለሌለው በ«ራ» ላይ ብቻ ሰረዝ ያኖራል። በአንዱ ስም አንድ ሰረዝ ይተርፋል፣ በሌላው አንድ ይጎድላል። ይህ የካታሎግ ሠሪው ግድየለሽነት አይደለም፤ ሰንጠረዡ በሰረዙ የሚያመለክተው ራብዕን እንጂ ርዝመትን ስላልሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል፦ ለሀዲይኛና ለከምባትኛ አናባቢን መድገም ከማክሮን የተሻለ ምርጫ ነው፤ የሚሻልበትም ምክንያት ከቋንቋዎቹ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ፊደል ርዝመትን መጻፍ አይችልም ብሎ መደምደም አይቻልም።

ማክሮን በራሱ ድምፅ የለውም፤ ዋጋ የሚያገኘው ከሚያገለግለው ሥርዓት ነው። በላትቪያ ቋንቋ የአናባቢን ርዝመት ያሳያል፣ መጻፉም ግዴታ ነው። ቻይንኛ በላቲን በሚጻፍበት ፒንዪን ደግሞ ርዝመትን አይመለከትም፤ ከፍ ብሎ ሳይዋዥቅ የሚዘልቀውን የመጀመሪያውን ቃና ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ብራናዎች ላይ ከፊደል በላይ የተሰመረ ሰረዝ ብዙ ጊዜ የተዘለለ «ም» ወይም «ን» መኖሩን ይነግር ነበር። ወደ እኛ የመጣው ሰረዝ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ልማድ ነው። ኦጉስት ዲልማን በ19ኛው መቶ ዘመን የግዕዝን ራብዕ በሰረዝ ሲጽፍ፣ ራብዕ ከጥንቱ ረጅም አናባቢ የተወረሰ መሆኑን ማሳየቱ ነበር። ቮልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ራብዕን በሰረዝ ጽፏል። በዛሬው አማርኛ ግን ግዕዝና ራብዕ የሚለያዩት በአናባቢው ዓይነት እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ስለዚህ ሰረዙ የአንድ ሴማዊ ታሪክ ቅሪት ነው፤ በአንድ የኩሽ ቋንቋ ስም ላይ ሲጫን የማያውቀውን ነገር ይመሰክራል።

ሀዲይኛና ከምባትኛ ከሲዳምኛ፣ ከጌዴኦኛና ከቡርጂኛ ጋር የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ተብለው የሚመደቡ ናቸው፤ ግሮቨር ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መዝገበ ቃላት አምስቱንም በአንድ ጥራዝ አሰባስቧል። ሁለቱም ቋንቋዎች አምስት አናባቢዎች አሏቸው፤ እያንዳንዱም አጭርና ረጅም ሆኖ ቃልን ከቃል ይለያል። ተናባቢውም እንዲሁ ይጠብቃል፣ ይላላል። እዚህ ላይ የድግግሞሽ የመጀመሪያው ጥቅም ይታያል፦ የጠበቀ ተናባቢ ሁለት ጊዜ በሚጻፍበት ጽሕፈት የረዘመ አናባቢም ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ተማሪው የሚይዘው ሕግ አንድ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ጥቅም ከቃል ጫና ጋር የተያያዘ ነው። በከምባትኛ ጫናው የሚያርፍበት ቦታ የሰዋስው ሥራ አለው፤ የዕለት ተዕለቱ ጽሕፈት ባያሳየውም ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው የከምባትኛ ሰዋስው ከአናባቢው በላይ በምታኖረው ጭረት ታመለክተዋለች። ርዝመቱም ከላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሁለት ምልክቶች በአንድ ፊደል ራስ ላይ ይደራረቡ ነበር፤ ድግግሞሹ ግን የላዩን ቦታ ለጫናው ነፃ ይተወዋል።

በድግግሞሽ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ከኒው ዚላንድ ይመጣል። በማኦሪ ቋንቋ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ቢግስ ረጅም አናባቢ በድግግሞሽ እንዲጻፍ ቢሟገትም፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የማኦሪ ቋንቋ ኮሚሽን የመረጠው ማክሮንን ነው፤ ዛሬም የጸናው እርሱ ነው። ታዲያ እነርሱ የተዉትን እኛ ለምን እንይዛለን? መልሱ ማኦሪ ራሱ ድግግሞሽን ጨርሶ አለመተዉ ላይ ነው። አንድ ቅጥያ በአናባቢ አብቅቶ ቀጣዩ የቃሉ ክፍል በዚያው አናባቢ ሲጀምር፣ ሐሳብ ማለት በሆነው «ፋካአሮ» ላይ እንደሚታየው፣ ሁለቱም ፊደላት ይጻፋሉ። ድግግሞሹ ለመጋጠሚያው ከተያዘ ለርዝመቱ ሰረዝ መስጠት ጥቅም አለው። በሀዲይኛ ግን ድምፁ ተቆርጦ ሲቀጥል ለቁርጡ የተለየ ምልክት አለ፦ ውኃ ማለት የሆነው «ዎኦ» በሁለቱ አናባቢዎች መካከል ጭረት ገብቶበት ይጻፋል። ሁለት ተመሳሳይ አናባቢዎች ያለ ጭረት ጎን ለጎን ከቆሙ አንባቢው ርዝመትን እንጂ ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ማኦሪን ወደ ሰረዝ የሚገፋው አሻሚነት እዚህ መነሻ የለውም።

ሰረዝ በቀላሉ ይወድቃል፤ ይህም ሌላው ድክመቱ ነው። ጃፓንኛ በላቲን ሲጻፍ ቶኪዮ በሁለቱም «ኦ»ዎች ላይ ሰረዝ ይገባዋል፤ የዓለም ጋዜጦችና ካርታዎች ግን ያለ ሰረዝ ይጽፉታል፣ ማንም እንደ ስሕተት አይቆጥረውም። ከፊደሉ ውጭ የተቀመጠ ምልክት በቀረ ጊዜ ፊደሉ ሙሉ መስሎ ይቀራል፤ ድግግሞሽ ሲጎድል ግን ራሱ የቃሉ አጻጻፍ ይፈርሳል። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. በ1972፣ አፋን ኦሮሞም እ.ኤ.አ. በ1991 ላቲንን ሲይዙ ድግግሞሽን መምረጣቸው በማንኛውም የጽሕፈት መኪና ያለ ልዩ ቁልፍ እንዲጻፉ አስችሏል። እርግጥ ድግግሞሹም ከመውደቅ አያመልጥም፤ የከምባታ ስም በእንግሊዝኛ ሰነዶች ብዙ ጊዜ በነጠላ ፊደላት ይገኛል። ነገር ግን እንዲህ የሚወድቀው ስሙ ከአንድ ጽሕፈት ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በከምባትኛ የሚጽፍ ተማሪ ሁለተኛውን ፊደል ቢተው መምህሩ እንደ ፊደል ግድፈት ያርመዋል።

የኢትዮጵያን ፊደል በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ፤ ሁለቱም ተቻኩለዋል። አንደኛው ፊደሉ ርዝመትን ማሳየት ስለማይችል ለኩሽ ቋንቋዎች አይሆንም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 ቋንቋዎችን፣ ሀዲይኛንና ከምባትኛን ጨምሮ፣ በፊደል ማስተማሩ ይታወሳል። ለ«አ» ግዕዙን ለአጭሩ፣ ራብዑን ለረጅሙ ማዋል ይቻል ነበር፤ ለቀሩት አራት አናባቢዎች ግን ጥንድ ሆሄ የለም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ መድኃኒት የሌለው ግን አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚነገረው ባስኬትኛ በፊደል ሲጻፍ ርዝመትን ለብቻው፣ ርዝመትንና ጥብቀትንም በአንድነት የሚያሳዩ፣ ከሆሄው በላይ የሚቀመጡ ምልክቶችን ይጠቀማል፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አሉ። ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ ዐውዱ ስለሚያስረዳ ርዝመትን መጻፍ አያስፈልግም ይላል፤ አማርኛ ጥብቀትን ሳይጽፍ መኖሩንም ማስረጃ ያደርጋል። ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ አዋቂ አንባቢ ይህ በአብዛኛው ልክ ነው። ገና ማንበብ ለሚማር ሕፃንና ቋንቋውን በሁለተኛነት ለሚማር ሰው ግን ዐውዱ ራሱ የሚገነባው ከቃላቱ ነው። በአፋን ኦሮሞ አጭሩ «ቦና» በጋ ነው፤ «ቦ» ሲረዝም «ይኮራል» ይሆናል፤ በተራው ፊደል ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

እንግዲህ ላቲን ወይስ ፊደል የሚለው ክርክር ርዝመት ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ከሚለው መለየት አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ የላቲኑ ጽሕፈት ለሁለተኛው ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሰጥቷል፤ ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። የቀረው ሥራ በድንበሩ ላይ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ በሆሳዕናና በዱራሜ ስሞች በሁለቱ ጽሕፈቶች መካከል ሲመላለሱ ይኖራሉ። የላቲን ካርታ፣ ካታሎግና መታወቂያ የቦታን ስም ከአማርኛው መልክ እየገለበጡ በሰረዝ ከማስጌጥ ይልቅ ከቋንቋው ጽሕፈት በቀጥታ ሊወስዱት ይገባል። የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የትምህርት መጻሕፍትም የሀዲይኛና የከምባትኛ ቃል ሲጠቅሱ ለባስኬትኛ የተዘጋጀውን የርዝመት ምልክት ቢዋሱ ፊደሉ አንዳች አይጎድልበትም። በየትኛውም ጽሕፈት የምልክቱ መልክ የስምምነት ጉዳይ ነው፤ ርዝመቱ ግን የቋንቋው አካል ስለሆነ ለጸሐፊው ፈቃድ አይተውም።