የባልዛክ ሒሳብ፦ ስለ እውነታዊ ልቦለድ አስተማማር

የእውነታዊነትን ትርጉም የተጠየቀ ተማሪ ሁሉ «ኑሮን እንዳለ የሚያሳይ የአጻጻፍ ስልት ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በውስጡ አንድም ቤት፣ አንድም ዕቃ፣ አንድም ዋጋ አይገኝም። በድሬዳዋ በተከታተልኋቸው የማስተማር ልምምዶች «ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር የሚተነተነው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ከባላገሩ ያጣላው የግብር ጉዳይ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህን ጉድለት ለማረም ከፈረንሳዊው ደራሲ ከኦኖሬ ደ ባልዛክ የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ።

ባልዛክ እ.ኤ.አ. በ1799 በቱር ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በመንግሥት ሥራ ያደገ ሰው ነበር፤ በስማቸው መካከል የገባችውን የመኳንንት ምልክት «ደ»ንም ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ የጨመራት ናት። ልጁ በወጣትነቱ በጠበቃና በውል አዋዋይ ጽሕፈት ቤቶች በጸሐፊነት ሲሠራ የውርስን፣ የጥሎሽንና የኪሳራን ምሥጢር ተማረ። ቀጥሎ በማተሚያ ቤት ንግድ ገብቶ በ1828 ከሰረና ወደ 60 ሺህ ፍራንክ የሚጠጋ ዕዳ ተሸከመ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ቡና እየጠጣ (የሐረር ጎረቤት የሆነ አንባቢ ይህን ሳይጠቀስ ቢቀር ቅር ይለው ነበር) የጻፋቸውና «ሰብአዊው ኮሜዲ» በሚል የጋራ ርእስ ያሰባሰባቸው ልቦለዶችና ታሪኮች ከ90 በላይ ናቸው። በነሐሴ 1850 በ51 ዓመቱ ሲሞት ዕዳው ገና አልተከፈለም ነበር። ስለ ገንዘብ የጻፈው በገንዘብ ተጨንቆ የኖረ ሰው ነው።

በ1835 በመጽሐፍ የወጣውን «ለ ፔር ጎሪዮ»ን እንመልከት፤ እኛ «አባባ ጎሪዮ» ልንለው እንችላለን። ጎሪዮ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ እህል በጠፋበት ጊዜ፣ በዱቄትና በፓስታ ንግድ የከበረ ሰው ነው። ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ከፍ ባለ ጥሎሽ ድሮ፣ ራሱ በማዳም ቮኬ ቤት ምግብና መኝታ ተከራይቶ ይኖራል። ሲገባ ከምድር ቤቱ በላይ ባለው በመጀመሪያው ፎቅ ተቀምጦ በዓመት 1,200 ፍራንክ ይከፍላል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይወጣና ክፍያው 900 ይሆናል። በመጨረሻም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥቶ በወር 45 ፍራንክ፣ ማለት በዓመት 540 ይከፍላል። ደረጃውን በወጣ ቁጥር ኑሮው ይወርዳል። ልጆቹ እየመጡ እንደሚግጡት ደራሲው ሳይነግረን በፊት ሒሳቡ ነግሮናል። ሲሞት የሁለቱ ልጆቹ ባለ ዓርማ ሠረገሎች ባዷቸውን አስከሬኑን ይከተላሉ፤ ያስቀበረው ድኻው ተማሪ ራስቲኛክ ደግሞ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ጉርሻ የሚሆን 20 ሱ አጥቶ ከቤቱ አሽከር ይበደራል። የዚያን ኅብረተሰብ ጭካኔ በዚህች ብድር ያህል ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ አላገኘሁም።

ይህን ሒሳብ ለመረዳት የድሬዳዋ ተማሪ ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ከተማችን የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ፈረንሳይኛም ለብዙ ዘመን የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የተቀመጡት ከዚራና መጋላ፣ የሰፈርን ልዩነት ገና በልጅነት ያስተምራሉ። ኪራይ፣ ዱቤ፣ ደመወዝና ዋስትና የተማሪው የቤት ወሬዎች ናቸው። በአንጻሩ ጉልትና የባላባት ግብር፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የተሻሩ በመሆናቸው፣ ከእርሱ እጅግ የራቁ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ አገሩ ሩቅ የሆነው ልቦለድ ለኑሮው ቅርብ፣ አገሩ ቅርብ የሆነው ለኑሮው ሩቅ ሆኖ ይገኛል።

ባልዛክ ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ከእስር ያመለጠው ቮትረን ከኑሮ ይልቅ ከቴአትር መድረክ የመጣ ይመስላል፤ የጎሪዮም የጣር ንግግር ከልክ በላይ ይረዝማል። በፖለቲካ አመለካከቱ የንጉሣዊ አገዛዝ ደጋፊ ነበር። ኤንግልስ በ1888 በጻፈው ደብዳቤ እንዳመለከተው ግን፣ የሚወዳቸውን መኳንንት ውድቀት ሳይሸሽግ አሳይቷል። ይህን ደብዳቤ እየጠቀሱ ልቦለዱን ሳይከፍቱ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። አንዳንድ መምህራን አሰልቺ ነው ብለው የሚዘሉት የማዳም ቮኬ ቤት ገለጻ ደግሞ ጨርሶ ሊዘለል የማይገባው ክፍል ነው፤ የወንበሩ መላላጥና የግድግዳው ሽታ የኪራዩን ዋጋ ይመሰክራሉና።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የትምህርት ሚኒስትርም የፕላንና ልማት ሚኒስትርም ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ማን ለማን ምን እንደሚገብር ሳያውቁ የጻፉት መጽሐፍ አይደለም። «የውጭ አገር ልቦለድ ከእኛው ሊቀድም ነውን?» የሚል ባልደረባ እንደሚኖር እገምታለሁ። ይቅደም የምለው በክፍለ ጊዜ ነው እንጂ በክብር አይደለም። ተማሪው የጎሪዮን ሦስት ፎቆች ከነክፍያቸው በሰሌዳ ላይ ከጻፈ በኋላ፣ በዚያው ዘዴ በፊታውራሪ ቤት የሚገባውንና ከባላገሩ ጎተራ የሚወጣውን ይመዝግብ። የሰብለ ወንጌል እጅ ለምን ለድኻ ልጅ እንደማይሰጥ ከመዝገቡ ያነበዋል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ክፍለ ጊዜያት ናቸው፤ የእውነታዊነትን ትርጉም ለማስጻፍ የምናውላቸውን መውሰድ እንችላለን።