ለስኮርም ክብር ይገባዋል

አንድ መምህር ወራት ፈጅቶ ያዘጋጀው ዲጂታል ትምህርት ትምህርት ቤቱ ሶፍትዌር በቀየረ ቁጥር ከንቱ እንዳይቀር ስኮርም የተባለው ስምምነት ትልቅ ውለታ ውሏል። 1.2 የተባለው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ያን ያህል ዘመን አልፎም ሙድልን የመሳሰሉ የመማሪያ ሥርዓቶች ዛሬም ይቀበሉታል። በዚህ መስክ ይህ ረጅም ዕድሜ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትምህርቱ በአንድ ዚፕ ፋይል ይታሸጋል፤ ውስጡ፣ ከአቃፊዎቹ ሁሉ ውጪ፣ ስሙ የማይለዋወጥ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ይቀመጣል። የትኛው ክፍል እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚከተል፣ እያንዳንዱም ከየትኛው ገጽ እንደሚጀምር የሚናገረው እሱ ነው።

ይበልጥ የምወደው ግን ለተማሪ ማሰቡን ነው። ተማሪዋ ያቆመችበት ቦታ የሚመዘገብበት መስክ አለው፤ ስፋቱ 255 ፊደል ብቻ ቢሆንም በደንብ የተሠራ ትምህርት በማግስቱ ካቆመችበት ያስቀጥላታል።

ማን ይገልብጠው፣ ማን ያሻሽለው የሚለውን ስኮርም አይወስንም። ለዚያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የአንድ መምህር የባዮሎጂ ትምህርት አይቶት በማያውቀው ትምህርት ቤት፣ ያለ ክፍያና ያለ ደጅ ጥናት፣ ሥራ ላይ ይውላል።