ከአፈሩ በፊት ብላንኩ

የወለጋ አፈር ቅላቱ ከብረት ኦክሳይድ እንጂ ከለምነት አይደለም። ስለዚህ ከዲጋ፣ ከሲቡ ሲሬ ወይም ከጊምቢ ነቀምት የደረሰ ናሙና ስንት ካርቦን እንደያዘ በዓይን አይታወቅም። በአፈር ላቦራቶሪ የምንሠራ ሰዎች የምንጠይቀው ፖታሲየም ዳይክሮሜትን ነው። ይህ ብርቱካናማ ኦክሳይድ አድራጊ በአሲድ ውስጥ የአፈሩን ካርቦን ያቃጥላል፤ የተረፈውን ዳይክሮሜት ለክተን የካርቦኑን መጠን እናወጣለን። ዎክሌይና ብላክ በ1934 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ ስለማይፈልግ ዛሬም በአገራችን ይሠራበታል።

ዳይክሮሜት እንደ ፐርማንጋኔት አያስቸግርም። ፐርማንጋኔት ውሃው ውስጥ ካለ ብናኝና ቆሻሻ ጋር ስለሚዋጋ መፍላት፣ ማደር፣ በመስታወት ማጣሪያ መጣራት አለበት፤ ጉልበቱም የሚታወቀው በኦክሳሌት ከተፈተነ በኋላ ነው። ዳይክሮሜትን ግን በ105 ዲግሪ አድርቄ፣ 49.04 ግራም መዝኜ፣ በተጣራ ውሃ እስከ 1 ሊትሩ ምልክት ስሞላው አንድ ኖርማል ሆነ ማለት ነው። በደንብ ከተከደነ ከወራት በኋላም ያው ነው።

የሚከዳው ተጓዳኙ ነው። የተረፈውን ዳይክሮሜት የምንለካበት ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት፣ አሲድ ጨምረን ብናዘጋጀው እንኳ፣ አየር በነካው ቁጥር ይደክማል። በዚህ ምክንያት አፈር የሌለበት ብላንክ በየዕለቱ ይሠራል። 10 ሚሊ ሊትር ዳይክሮሜት 0.5 ኖርማል ከሆነው ፌረስ 20 ሚሊ ሊትር መውሰድ አለበት። 20.8 ከወሰደ የፌረሱ ጉልበት ወደ 0.48 ወርዷል። በዚያ ቀን 1 ግራም አፈር ያለበት ናሙና 15 ቢወስድ ትክክለኛው ካርቦን 1.09 በመቶ ነው፤ ብላንኩን ሳይሠራ «20 ነው» ብሎ ያሰላ ባለሙያ ግን 0.98 ብሎ ይጽፋል። አፈሩ ሳይለወጥ ውጤቱ አንድ አሥረኛውን አጣ።

ሙቀቱም ትኩረት ይሻል። ዘዴው ምድጃ የለውም፤ 20 ሚሊ ሊትር ጥቅጥቅ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ዳይክሮሜቱ ላይ ሲፈስ የሚፈጠረው ግለት ነው ሥራውን የሚሠራው። በነቀምት የክረምት ጠዋት ፍላስኩን ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያንን ግለት መስረቅ ነው። እኔ ጣውላ ላይ አሳርፌ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ያኔም ቢሆን ሁሉም ካርቦን አይቃጠልም፤ በአማካይ 77 በመቶው ነው ተብሎ ውጤቱ በ1.3 ይባዛል። ከዚያ ውሃ፣ ፎስፈሪክ አሲድና ዳይፈኒልአሚን ገብቶ ፌረሱ ከቢዩሬቱ ይንጠባጠባል። ወይን ጠጅ መሳዩ ጥቁር ሰማያዊ በአንዲት ጠብታ ወደ አረንጓዴ ይገለበጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚቸኩል እጅ ያቺን ጠብታ ያልፋታል።

ከጊምቢ ቡና ጥላ ሥር የሚመጣው ጠቆር ያለ አፈር ሌላ ጠባይ አለው። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ፌረስ ገና ሳይገባ ፍላስኩ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ዳይክሮሜቱ አልቋል ማለት ነው፤ «በጣም ከፍተኛ» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር አይገባም። አፈሩን ወደ 0.5 ወይም 0.25 ግራም ቀንሶ እንደገና መጀመር ነው።

ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው። ሲመዘን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ የተረፈው ብርቱካናማ ውሁድም በምንም ምክንያት ቧንቧ ውስጥ አይደፋ። አሲድ ባለበት ፌረስ ጨምራችሁ አረንጓዴ አድርጉት፣ ከዚያ በኖራ አዝቅጡት፣ ዝቃጩን ለይታችሁ አስቀምጡ። በየላቦራቶሪው ያላችሁ ወጣት ባለሙያዎች ደግሞ የዕለቱን የብላንክ ንባብ ከውጤቱ ጎን ጻፉ፤ ብላንኩ ያልተጻፈበትን የካርቦን ውጤት ለገበሬው አትስጡ።